የካሳነሽ መደርደሪያ

ካሳነሽ ክንዴ የተደባለቀ ነገር ማየት አትወድም ነበር። ይህ ለሙገሳ የተባለ አይደለም፤ አጠገቧ ለሚኖሩ ሰዎች አንዳንዴ መከራ ነበረች። ጎረቤት ገብታ ተጫውታ ስትወጣ፣ በርጩማዎቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ መልሳ ትደረድራለች። ገበያ ወጥታ አንዷ ነጋዴ ነጭ ሽንኩርቱን ከቀዩ ጋር ደባልቃ ካገኘቻት፣ ሳትገዛ ቁጢጥ ብላ ትለይላታለች። "እኔ ነኝ የምሸጠው ወይስ አንቺ?" ይሏት ነበር የዳንግላ ሴቶች። እሷ ግን ለይታ ስትጨርስ እጇን አራግፋ፣ ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ትሄዳለች።

የተወለደችው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነበር፤ አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው። ገና በልጅነቷ ለአንድ ጋሪ ነጂ ተድራ ወደ ዳንግላ መጣች። ትዳሩ አልሰመረም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ኮርቻውን ምድጃ አጠገብ፣ ጅራፉን አልጋ ላይ፣ ጫማውን ደግሞ የትም የሚጥል ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከታገሰች በኋላ በሽማግሌ በሰላም ተለያዩ። ዘመዶቿ "ነይ ወደ አገርሽ" ቢሏትም አልሄደችም። በከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች።

ፊደልን ያወቀችው እዚያ ነው፣ በሃያ ስምንት ዓመቷ። መምህራኑ ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ለጎልማሶች ያስተምሩ ነበርና፣ ካሳነሽ መጥረጊያዋን ደጅ አቁማ ትገባለች። ለአራት ሰው አንድ መጽሐፍ ነበር የሚደርሳቸው። እሷ ዘግይታ ስለምትገባ ሁልጊዜ የምታገኘው ከማዶ ያለውን ቦታ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማንበብ የተማረችው ፊደሎቹን ተገልብጠው እያየች ነበር። ይህም ሆኖ ከሁሉም ቀድማ ለየች። የፊደል ገበታውን ባየች ቁጥር ትደነቅ ነበር። ሁሉም ሰባት ሰባት ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቦታውን ይዞ፣ አንዱ የአንዱን ሳይነካ ተሰልፏል። በዓለም ላይ እንዲህ የተስተካከለ ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ ቀን መጻሕፍት ቤቱን እንድትጠርግ የታዘዘችው።

መጻሕፍት ቤት መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በሣጥን በሣጥን የመጡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት፣ አናጢ በሠራቸው መደርደሪያዎች ላይ ቆመዋል። የደረደራቸው ሰው ቀድሞ ወታደር የነበረ ዘበኛ ነው፤ እንደ ሰልፍ፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አጫጭሮቹን ከፊት አድርጎ። ለዓይን ያምራል። መጽሐፍ ለማግኘት ግን እግዜር ይርዳህ ነው። መምህራኑ አንድ መጽሐፍ ፈልገው ከገቡ በአቧራ ነጭ ሆነው፣ ባዶ እጃቸውን ይወጡ ነበር። ካሳነሽ ሁለት ሳምንት ከጠረገች በኋላ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች። አቶ አስማረ ይባላሉ፤ ደግ፣ ቀጭን፣ የበላይ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ።

"አቶ አስማረ፣ መጻሕፍቱን በሀ ሁ ልደርድራቸው?"

አቶ አስማረ የዚያን ቀን የሚያፈስ ጣሪያና ሳይመጡ የቀሩ ሁለት አስተማሪዎች ነበሩባቸው። ቀና ሳይሉ "አድርጊው፣ አድርጊው" አሏት።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ፊደል እየቆጠረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሁሉንም እንደ ገበታው አሰለፈቻቸው። በመካከል አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯት ነበር። የመጽሐፉ ስም ሁለት ወይም ሦስት ቃል ሲሆን በቃሎቹ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። ይህ ሁለት ነጥብ ወዴት ይግባ? ገበታውን ብታይ ሁለት ነጥብ የሚባል ፊደል የለም። ገበታ ላይ የሌለ ነገር ተራ የለውም ብላ ዘለለችው፤ ስሙን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። ሲያልቅ ወገቧን ይዛ ቆማ ተመለከተችና፣ ደስታው አላስችል ብሏት ብቻዋን አጨበጨበች።

ያ ደስታ የቆየው አያ ሽባባው እስኪመጡ ድረስ ነው።

አያ ሽባባው ከፋግታ በኩል በየገበያው ማር ይዘው የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ፊደል አያውቁም፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ስለ ንብ የተጻፈ መጽሐፍ መኖሩን ሰምተው፣ ማራቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ወደ ካሳነሽ ብቅ ማለት ጀመሩ። እሷ ታነባለች፣ በአገውኛ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጣሉ። "የንብ መኖ" የሚለውን ቀጭን መጽሐፍ በሦስት ገበያ ጨረሱት።

"ቀጣዩን አንብቢልኝ" አሏት።

ቀጣዩ ማለት ለካሳነሽ ከጎኑ የቆመው ነው። ጀርባውን ሳታይ ሳበችና ማንበብ ጀመረች። ያኔ ስታነብ ፊደሉን ለመያዝ ስለምትታገል ነገሩ ያመልጣት ነበር። ስለ ወሰን አነበበች፣ ስለ ምስክር አነበበች፣ ሟች ሳይናዘዝ ቢሞት የሚሆነውን አንድ በአንድ ወደ አገውኛ መለሰች። አያ ሽባባው በትዕግሥት አዳመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ካሳነሽ፣ ልጄ፣ ንቦቹ የሚመጡት መቼ ነው? ወይስ እነሱም ተከሰዋል?"

መጽሐፉን ገልብጣ ጀርባውን አየች። "የንብረት ውርስ" ይላል። ከእሱ ቀጥሎ "የንብ ጠላቶች" ቆሟል። ውርስ በሁለቱ የንብ መጻሕፍት መሐል ገብቶ ተቀምጧል፤ ያስገባችውም ራሷ ናት። እፍረቷ እንዲህ ነው አይባልም። አያ ሽባባው ግን ሳቁ፤ "ግድ የለም፣ እሱም ይጠቅማል፤ ወንድሜ ጋ አንድ ነገር አለኝ" ብለው ሄዱ።

ካሳነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አላት። ተራዋ ስህተት አይደለም፤ ፊደል በፊደል ቢቆጠር መ ከረ ይቀድማል፣ ረ ከጠ ይቀድማል። ታዲያ ምነው ዘመድን ከዘመድ ለየ? ሌሎቹን ስታይም እንዲሁ ነው። "ጤናማ ኑሮ" የሚለው "ጤና ለሁሉ" እና "ጤና በገጠር" በሚሉት መካከል ተሰንቅሯል። "ልብስ ስፌት" "ልብ ያለው ያንብብ" ከሚለው ቀድሞ ቆሟል።

መልሱን ያገኘችው ሠርግ ቤት ነው። የአጎቷ ልጅ እንጅባራ ልጁን ሲድር ዳስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ዓይኗ አሳላፊው ላይ ነበር። አሳላፊው እንግዳ ሲያስቀምጥ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ አይጠራም። የአንድ ቤት ሰው ሲመጣ ባልም ሚስትም ልጅም አማትም አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ የዚያ ቤት ሰው ሳያልቅ የሌላው ቤት ሰው በመካከል አይገባም። ካሳነሽ የጨበጠችውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰችው።

"በር ነው!" አለች ጮክ ብላ።

አጠገቧ የተቀመጠች ሴት "የምን በር?" ብላ ዞር ብትል፣ ካሳነሽ በጣቷ መሶቡ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጥብ ነካ ነካ አደረገች። ለካስ ሁለት ነጥቡ በር ነው። "ንብ" ብሎ በሩን የዘጋ ቃል የራሱ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ያሉት ሁሉ አስቀድመው ገብተው ይቀመጡ። ቃሉ በሩን ሳይዘጋ ወደፊት የሚሄደው፣ ሌላ ቃል የሚሆነው፣ ጎረቤት ነው፤ ቆይቶ ይግባ። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ከሀም ሳይቀር መቅደም አለበት ማለት ነው።

በማግስቱ ዳንግላ ተመልሳ ሁሉንም እንደገና ደረደረች። የንብ መጻሕፍት ተገናኙ፤ ውርስ ወደ ኋላ ሄደ። ጤናዎቹ አንድ ላይ ቆሙ። ደንቡን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፋ ከበሩ ጀርባ ለጠፈችው፦ "ቃሉ ነጥብ ላይ ያለቀው ይቀድማል፤ ቃሉ የሚቀጥለው ይከተላል።" አቶ አስማረ መጥተው አነበቡት።

"ይህ ከየት የመጣ ሕግ ነው?"

"ከሠርግ ቤት ነው።"

አቶ አስማረ አንገታቸውን እያከኩ ወጡ። ግን ከዚያ ወዲህ መምህራኑ መጽሐፍ ፈልገው ሲገቡ ነጭ ሆነው መውጣታቸው ቀረ። ስም ይጠራሉ፤ ካሳነሽ መወልወያዋን ሳታስቀምጥ በሌላኛው እጇ ታቀብላቸዋለች። ይህን ያዩት አቶ አስማረ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ወይዘሮ ካሳነሽ ክንዴ ከጽዳት ሥራ ተነሥታ የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ ሆና እንድትመዘገብ ጠየቁ።

መልሱ ከስድስት ወር በኋላ መጣ። ተቆጣጣሪ ይላካል፤ መጻሕፍቱን በዝርዝር ያያል፤ ሁሉም በቦታው ከተገኘ ሴትየዋ ትመዘገባለች። ጉድለት ከተገኘ የተማረ ጠባቂ ተልኮ እሷ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለሳለች። አቶ አስማረ ደብዳቤውን ሲያነቡላት ካሳነሽ መወልወያዋን እንደ ያዘች አዳመጠች። ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። መጥረግ አስጠልቷት አይደለም። ያንን ክፍል ሌላ ሰው ገብቶ እንደ ሰልፍ ሲያቆመው ታያት።

ተቆጣጣሪው በሰኔ መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን፣ በአውቶቡስ መጣ። አቶ ሀብቱ ይባላል። ወጣት ነው፤ ካፖርቱ አዲስ፣ ጫማው በዳንግላ ጭቃ አንድ ጊዜ ብቻ የተነከረ። ስምንት ሰዓት ላይ የሚመለሰውን አውቶቡስ መያዝ አለበትና ሻይ እንኳ አልቀመሰም። ከቦርሳው በታይፕ የተጻፈ ዝርዝር አወጣ፤ ቀይ እርሳስም አወጣ።

"አንቺ በሩ ጋ ቁሚ" አላት። "እስክጠራሽ አትናገሪ።"

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣቱን ዝርዝሩ ላይ፣ ዓይኑን መደርደሪያው ላይ ያደርጋል። ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለው ስም መደርደሪያው ላይም ቀጥሎ ከቆመ ደግ ነው። ካልቆመ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ "የለም" ብሎ በቀይ ጽፎ ያልፋል። የተማረ ሰው ነው፤ ዝርዝር ያምናል። አንገቱን አንድ ጊዜ ዘንበል ቢያደርግ ያገኘው ነበር፤ ግን አንገት ማዘንበል ከደብዳቤው ላይ አልተጻፈም። ቀትር ሲሆን አርባ አንድ መጻሕፍት ጠፍተዋል።

አቶ አስማረ ፊታቸው አመድ መሰለ። ካሳነሽም እንደዚያው። አሁን ሆነን ስናስበው "ምን ያስደነግጣታል?" እንል ይሆናል፤ ግን እሷ ፊደልን በሃያ ስምንት ዓመቷ ያገኘች ሰው ናት። በታይፕ የተጻፈ ነገር ይሳሳታል ብላ ማመን አልቻለችም። መጻሕፍቱን በየቀኑ በእጇ ትነካቸዋለች፤ ሆኖም ያን ቀይ ጽሕፈት ስታይ "አርባ አንዱን ምን አድርጌያቸው ይሆን?" ብላ ራሷን ጠረጠረች።

አቶ ሀብቱ ውሃ ሊጠጣ ወደ ደጅ ወጣ። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እሷ ከቆመችበት ተገልብጦ ነው የሚታየው። ለሌላ ሰው ይህ ችግር ነበር። ለካሳነሽ ግን ተገልብጦ ማንበብ የለመደችው ነገር ነው። አንድ እርምጃ ቀረብ ብላ አንገቷን ሰገግ አደረገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "የንብ መኖ"። ቀጥሎ "የንብረት ውርስ"። ቀጥሎ "የንብ ጠላቶች"፤ በአጠገቡ በቀይ "የለም"።

ካሳነሽ በሳቅ ፈነዳች። አቶ ሀብቱ ኩባያውን እንደ ያዘ ተመለሰ።

"ይሄማ የእኔ ስህተት ነው!" አለች፤ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። "የእኔው ነው!"

አቶ አስማረ ራሳቸውን ያዙ። ጥፋቷን ያመነች መሰላቸው። አቶ ሀብቱም እንደዚያው መሰለውና "ታዲያ የት አደረግሻቸው?" አላት።

"የትም አላደረግኋቸውም፣ ጌታዬ። ይህን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው እኔ በመጀመሪያ የሳትሁትን ስቷል ማለቴ ነው። ሁለት ነጥቡን ዘሎታል።"

"ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ" አለ አቶ ሀብቱ።

አቶ አስማረ በዓይናቸው "ተይ" አሏት። ካሳነሽ ግን አንዴ ነገሩ ገብቷታልና ፍርሃቱ የት እንደ ገባ አላወቀችውም።

"እኔም ጌታዬ እንዲሁ ደርድሬያቸው ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ። አያሳፍርም።"

"ሁለት ነጥብ ፊደል ነው?" አላት አቶ ሀብቱ ቆጣ ብሎ። "ድምፅ አለው?"

"የለውም።"

"ድምፅ የሌለው ነገር ተራ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?"

"ቃሉ ማለቁን ይናገራል። ያለቀው አስቀድሞ ይቀመጥ፣ ያላለቀው ይቆይ። አለዚያማ ሰው ንብ ፈልጎ መጥቶ ፍርድ ቤት ይገባል።" ከዚያ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። "ስማቸውን ይጥሩልኝ። አርባ አንዱንም። ካጣሁ መጥረጊያዬ ደጅ ቆሟል፤ አሁኑኑ አነሣዋለሁ።"

አቶ ሀብቱ ሰዓቱን አየ። ተቀመጠ። መጥራት የጀመረውም ሊያሳፍራት ነው።

"ልብ ያለው ያንብብ።"

እጇ ላይ አለ።

"ጤና በገጠር።"

እጇ ላይ አለ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጠራ። ፈጠን አለ፤ እሷም ፈጠነች። ከላይ ጀምሮ መጥራቱን ትቶ ከመሐል ከመሐል እየዘለለ ጠራ፤ እሷም ከግድግዳ ግድግዳ እየዘለለች አመጣች። አንዴም ቆማ አላሰበችም። አቶ ሀብቱ ሳያውቀው ካፖርቱን አወለቀ። አርባ መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ተከመሩና ከክምሩ በስተጀርባ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ሆነ። አቶ አስማረ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ሠላሳ ሲሞላ መንቀጥቀጣቸው ቆመ።

"የንብ ጠላቶች" አለ አቶ ሀብቱ።

ካሳነሽ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እጇ መሐል ላይ ቆመ። ከ"የንብ መኖ" ቀጥሎ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። በሳቁ፣ በሩጫው፣ በደስታው ፈጽሞ ረስታው ነበር። መጽሐፉን ከአንድ ወር በፊት ለአያ ሽባባው ሰጥታቸዋለች። ጉንዳን ቀፎ እየገባ አስቸገረኝ ብለው ቢያለቅሱባት፣ አማቻቸው ዲያቆን ነውና እቤት ያንብብላቸው ብላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሰጠቻቸው።

"እሱ እኔ ቤት ነው ያለው" አሉ አቶ አስማረ በድንገት። "ትናንት ወስጄው... ለራሴ... ንብ..."

ምስኪን ሰው ናቸው፤ ውሸት አያውቁበትም። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቶ ነበር። ካሳነሽ ልቧ ተነካ።

"አይደለም አቶ አስማረ፤ ለእኔ ብለው አይዋሹ። አቶ ሀብቱ፣ መጽሐፉን ለአንድ ገበሬ ያዋስሁት እኔ ነኝ። ፈቃድ አልጠየቅሁም።"

አቶ ሀብቱ ቀይ እርሳሱን አነሣ። ከዚህ የሚብስ ነገር የለም፤ ምክንያቱም አሁን እሱ ትክክል ነበር። አንድ መጽሐፍ ጎድሏል፤ ደብዳቤው ደግሞ "ጉድለት ከተገኘ" ይላል።

በዚህ መካከል ነው አያ ሽባባው እንደ ገበያ ቀን ልማዳቸው ማራቸውን ሸጠው፣ ባዶ ቅላቸውን በትከሻቸው አንግተው ደጃፉ ላይ ብቅ ያሉት። ሰው መኖሩን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አያ ሽባባው፣ መጽሐፉን ይዘውታል?" አለች ካሳነሽ።

"ኧረ የለም። ሥራ ላይ ነው።"

"ምን ሥራ ላይ?" አለ አቶ ሀብቱ።

አያ ሽባባው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወንበር ሳይባሉ ተቀመጡ።

"ጥበቃ ነው ጌታዬ። ያ መጽሐፍ የንብን ጠላት ሁሉ በስም በስም የያዘ ነው። አማቼ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበበልኝ። ከቀፎው ማቆሚያ እግር ሥር አመድ አድርግ ይላል፤ አደረግሁ። ጉንዳኑ በሦስተኛው ቀን ቀረ። እኔም ተነብቦ ብቻ እንዲህ ካደረገ፣ ራሱ ቢቆምላቸው እንዴት ይሆን ብዬ አሰብሁ። የቆዳ ማኅደር አሰፋሁለት፤ ዝናብ አይነካውም። ከትልቁ ቀፎ አጠገብ ዛፉ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ጉንዳን ስሙ ተጽፎ እያየ ምን ቆርጦት ይጠጋል?"

አቶ ሀብቱ ለመኮሳተር የቻለውን ያህል ሞከረ። "አባቴ፣ ጉንዳኑን ያባረረው አመዱ ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም።"

"አመዱ የት ተጽፎ ነበር?" አሉት አያ ሽባባው።

ከዚህ በኋላ አቶ ሀብቱ አልቻለም። ክምሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ አርባዎቹ መጻሕፍት እስኪነቃነቁ ሳቀ። አቶ አስማረም ፈራ ተባ እያሉ ሳቁ። ከደጅ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አቶ ሀብቱ ወደ በሩ አየና አልተነሣም። እንባውን በመሐረብ ጠርጎ ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበ። አርባውን "የለም" አንድ በአንድ ሰረዘ። አርባ አንደኛው ላይ ጥቂት አሰበና "በሥራ ላይ" ብሎ ጻፈ።

"ይህን ሁሉ ድጋሚ ማስተየቤ ነው" አለ እያጉረመረመ። "ያንቺን ደንብ አምጪው፤ ልገልብጠው።"

ካሳነሽ ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ ገንጥላ ሰጠችው። እየገለበጠ ሳለ አንድ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ያልተስማማበት ይሁን የተስማማበት አይታወቅም ነበር። ከዚያ ለአያ ሽባባው የውሰት ወረቀት አዘጋጀ። መጽሐፉን እስከ መስከረም መልሰው ያመጣሉ፤ ማኅደሩ ግን አብሮ ይመጣል አለ፣ መጻሕፍት ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር የለውምና። አያ ሽባባው በዚህ ትንሽ ተከራክረው እሺ አሉ። አቶ ሀብቱ ከቦርሳው ክብ የቀለም ቆርቆሮ አውጥቶ ከፈተ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑና፣ ጣታቸውን አገላብጠው እያዩ ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ ያንቺ ቀረ" አለ አቶ ሀብቱ። የምዝገባውን ቅጽ አወጣ። በሥራው መደብ አንጻር "የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ" ብሎ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈ። ስሟን ጻፈ። ከዚያም እጁ እንደ ለመደው፣ የጽዳት ሠራተኛ ሁሉ ሲያስፈርም እንደሚያደርገው፣ ክፍቱን የቀለም ቆርቆሮ ወደ እሷ ገፋው።

ካሳነሽ ቆርቆሮውን አየችው። ለሦስት ዓመት ተኩል በየወሩ ይህንኑ አድርጋለች። ፊደል ካወቀችም ወዲህ አድርጋለች፤ ደመወዝ ከፋዩ ቀና ሳይል ቆርቆሮውን ይገፋላታል፣ እሷም ሰልፉን ላለማስቆም ጣቷን ትነክራለች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጣቷን በመንገዱ ሣር ትጠርጋለች። ለማንም ነግራ አታውቅም። ዛሬ ግን እጇን አልዘረጋችም። ከክምሩ አጠገብ የተቀመጠውን የአቶ ሀብቱን ብዕር አየች፤ አነሣችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አቶ አስማረ ያን ሁሉ ዘመን ሲንቀጠቀጡ ምን እንደሚሰማቸው ዛሬ ገባት።

አቶ ሀብቱ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ብዕሩን፣ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ በፊቱ የተከመሩትን አርባ መጻሕፍት አየ። ፊቱ እስከ አንገቱ ድረስ ቀላ። ቆርቆሮውን ፈጥኖ ከደነና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከወንበሩ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ እሷ ዞር አደረገው።

"ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ" አለ። "እዚህ ላይ ነው የሚፈርሙት።"